የክትባት ፍሪጁ ዋስ

እኔ፣ ወዳጄ፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሣ ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ አክስቴ ራሷን ባመማት ቁጥር «ዓይን ነው» ስትል ማስታገሻ ገዝቼ እጇ ላይ የማስቀምጥ፣ ጎረቤቴ «ሰው በሌለበት በሩ ሲጥ አለ» ሲለኝ «ማጠፊያውን ዘይት ቀባው» ብዬ የማሳፍረው፣ ለቅሶ ቤት ሙት ታየ አልታየ ሲባል ተነሥቼ ደጅ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ እንዲያውም በዚህ ጠባዬ የተነሣ ሁለት ሦስት ሰው ተቀይሞኛል። አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ፊቱ ላይ ነበር የምስቀው፣ ስለዚህ ብትስቅ አልቀየምህም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ። ደግሞ ጨረቃና ጅብ እንዳትጠብቅ፤ በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው ልልህ ነበር፣ ፀሐይ እንኳ አልነበረም፣ ጉም ነበር፣ ግን ቀን ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሠላሳ የሚያህሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ደጅ ተቀምጠው እየሰሙ ነው የሆነው።

ሥራዬ ንፋስ መውጫ ተቀምጬ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጤና ኬላዎች የክትባት ፍሪጅ ላይ የተገጠሙ ትንንሽ ሳጥኖችን መከታተል ነው። ሳጥኗ የሳሙና ማስቀመጫ ብታክል ነው፤ ፍሪጁ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ በየሩብ ሰዓቱ ትለካለች፣ ትመዘግባለች፣ ኔትወርክ ስታገኝ የመዘገበችውን ወደ ቢሯችን ሰርቨር ትልካለች። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም፣ እኔም ከእሷ ሌላ ሥራ የለኝም።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳህ፣ አትሰልች፣ ያለዚህ ወሬው አይገባህም። ይህች ሳጥን ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ ናት፣ ማንንም አታምንም፤ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘች ቁጥር መጀመሪያ የምትለው «ዋስህ ማን ነው?» ነው። ሰርቨሩ ሰርተፍኬት የሚባል የኮምፒዩተር ወረቀት ያቀርባል፣ ወረቀቱን የፈረመለት ዋስ ሳጥኗ ከምታውቃቸው ዋሶች አንዱ ከሆነ ታምነዋለች፣ ያላትን ሁሉ ትዘረግፍለታለች፤ ካልሆነ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ትልና አፏን ትዘጋለች። ያንተ ስልክ እንዲህ ያሉ ዋሶችን ከመቶ በላይ በሆዱ ይዞ ይዞራል፣ የእኔዋ ሳጥን ግን ሜሞሪዋ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ዋስ ከያዘች ጠገበች። እያንዳንዱ ዋስ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ዕድሜ ተጽፎለታል፣ ቀኑ ሲያልፍ ዋስነቱ ያበቃል፣ ምትክ ካልገባላት ሳጥኗ ዲዳ ሆነች ማለት ነው። በዚያ ሰሞን የቢሯችን ዋስ ዕድሜው አልፎ ሌሎቹ ሳጥኖች በሙሉ ምትኩን በኔትወርክ ተቀብለው ነበር፣ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ከተማ ወዲያ ያለችው አንዲት ሳጥን ብቻ ከቀረች ስድስት ሳምንት ሆናት።

ሐሙስ ዕለት ይታይሽ ደወለችልኝ። ይታይሽ የዚያ ጤና ኬላ ባለሙያ ናት፣ ሰዉ ዶክተር ይላታል፣ እሷም «አይደለሁም» ማለት ሰልችቷት ትታዋለች።

«ሳጥንህ ጢጥ ጢጥ ስትል ውላ ታድራለች፣ እኔ ግን የደወልሁልህ ለሌላ ነው» አለችኝ። «ባለፈው ሰሞን ውርጭ ወርዶ ጧት ፍሪጁን ብከፍተው ግድግዳው ላይ በረዶ ይዟል። ክትባቱ በረዶ ነክቶት እንደሆን አላውቅም።»

«ጠርሙሱ ላይ ምልክት የለውም እንዴ?»

«ምልክቷ ሙቀትን እንጂ ውርጭን አታሳይም። በረዶ የነካው ክትባት መልኩ አይለወጥም፣ ውኃ ሆኖ ነው የሚቀር። ጎረቤት ቀበሌ ትክትክ ገብቷል፣ ለቅዳሜ እናቶችን ጠርቻለሁ። የሳጥንህን መዝገብ ሳላይ አንዲት ጠብታ አልሰጥም፣ እደፋዋለሁ እንጂ፤ ከደፋሁት ደግሞ ሌላ እስኪመጣ ወር ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ መዝገቡ ከሳጥኗ ከወጣ ልጆቹ ይከተባሉ፣ ካልወጣ ክትባቱ ይደፋል፣ ትክትኩም ወር አይጠብቅም።

ዓርብ ተነሣሁ። ዓርብ መነሣቴ ስሕተት ነበር፣ አርብ ገበያ የምትባለዋ ከተማ ላይ ሚኒባሱ በገበያተኛ ታጭቆ አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን የላፕቶፕ ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችብኝ፣ ባነሣት ትመለሳለች፣ ባነሣት ትመለሳለች፣ ወገዳ ስንደርስ ተላምደን ነበር። ወገዳ አድሬ ቅዳሜ ጧት መንገዱ እስካለበት ድረስ በጭነት መኪና ሄድሁ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ጭቃ ለጭቃ በእግሬ፣ ቦርሳዬን በላስቲክ ጠቅልዬ በራሴ ተሸክሜ፣ ሁሉንም እየረገምሁ።

ስደርስ ጉሙ የጤና ኬላውን ቆርቆሮ እንኳ አያሳይም። ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነ እርሻ የለም፣ የቀበሌው እናት ሁሉ መጥታለች። ዘበኛው አያ ፈንታ ቡሉኳቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መጣ ኢንጅነሩ!» አሉ። ኢንጅነር አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ፣ ግን እኔም እንደ ይታይሽ ትቼዋለሁ። «ግባ ልጄ፣ ግባ። ከውስጥ ሰው አለ፣ ይቀበልሃል።»

ገባሁ፣ ሰው የለም። ይታይሽ ደጅ ካርድ ስታገላብጥ አይቻታለሁ፣ ክፍሏ ውስጥ ፍሪጁና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ናቸው ያሉት። ተቀመጥሁ፤ ወንበሩ ሞቀኝ። እመነኝ፣ ጋይንትና ስማዳ ውርጭ ላይ ሰው ያልተቀመጠበት እንጨት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ይህ ግን ሰው አሁን የተነሣበት ወንበር ነው። ይታይሽ ተቀምጣበት ይሆናል አልሁና ላፕቶፔን ከፈትሁ።

ሳጥኗን በገመድ አገናኘኋትና ስሕተቷን ጠየቅኋት። የመለሰችልኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ በእኛ ሲሆን «ያቀረብክልኝ ዋስ ገና አልተወለደም» ማለት ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ መልስ አይቼ አላውቅም። ይታይሽን ጠራኋት።

«የሳጥኗን ሰዓት ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ሶላሩ ተበላሽቶ የሰነበተ ጊዜ ቀኑ ጠፍቶባት ስለነበር አስተካከልሁላት» አለች ኮራ ብላ።

«በየትኛው ዘመን?»

«በየትኛው ይሆናል? በራሳችን ነዋ!»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ምስኪኗ ሳጥን ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ተመልሳ ተቀምጣለች፣ ሰርቨሩ ዋስ ባቀረበላት ቁጥር ዋሱ ከሷ ዘመን በኋላ የተፈረመ ሆኖ እየታያት ታባርረዋለች፣ ምትኩ ያልገባላትም ለዚህ ነው። እየሳቅሁ ሰዓቷን በፈረንጁ አስተካከልሁላት፣ እንደገና ጠየቅኋት፣ አሁን ደግሞ «ይህ ዋስ ዕድሜው አልፏል» አለችኝ። ልክ ናት፣ ዕድሜው አልፎ የለ! ለይታይሽ አስረዳኋት፤ ሳጥኗ ዘንድ ያለው ዋስ በአበሻ ዘመን ገና ያልተወለደ፣ በፈረንጅ ዘመን ደግሞ የሞተ ነው አልኋት።

ጥቂት አሰበችና «ታዲያ መቼ ነበር የኖረው?» አለችኝ።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ሳለ። የሽማግሌ ሳል ነው፣ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ። እኔ አያ ፈንታ ናቸው አልሁ፣ ይታይሽም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም፣ ማናችንም ዞረን አላየንም።

ሥራው ቀላል መሰለኝ፤ ያለፈበትን ዋስ ላወጣ፣ አዲሱን ላስገባ፣ ሻይ ልጠጣ። አሮጌውን አወጣሁት፣ ቦታው ባዶ ሆነ። አዲሱን ባስገባው ግን አልገባ አለ፣ ለካ አዲሱ ዋስ ከአሮጌው ወፍራም ነው፣ የዛሬ ዘመን ዋስ ቁጥሩ ረጅም ነው። ሳጥኗ ደግሞ የስድስት ሳምንት መዝገብ ሳትልክ በሆዷ አጭቃ ትርፍ ቦታ የሚባል የላትም፤ የጎደለው አንዲት አጭር ደብዳቤ የምታህል ቦታ ናት። መዝገቡን ላጥፋ ካልሁ የመጣሁት ለመዝገቡ ነው። ከቀሩት ሁለት ዋሶች አንዱን ባወጣ ኔትወርክ አትይዝም፣ ሌላውን ባወጣ እኔንም ከእንግዲህ አታምነኝም። መዝገቡን በገመዱ ቅዳው ትለኝ ይሆናል፤ በገመዱ የሚገባ እንጂ የሚወጣ መዝገብ የለም፣ የሠሯት ሰዎች እንዳይሰረቅ ብለው ደፍነውታል፣ እጃቸው አይባረክ።

አዲሱን አልገባ ያለውን ዋስ አምስት ጊዜ ያህል ሞከርሁ፣ አምስቴም ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ደጅ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረና ሠላሳውም ተከተሉት። ይታይሽ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ላፕቶፑን አያለሁ፣ ጉሙ በመስኮቱ ይገባል። ያ ሳል ደገመ፣ አሁን ከፍሪጁ ወዲያ ነው። አያ ፈንታ በመስኮቱ በኩል ጉሙ ውስጥ ቆመው ከእናቶቹ ጋር ሲያወሩ ይታዩኛል። ይታይሽ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

ከዚያ ሳጥኗ ከዚያ በፊት ብላው የማታውቀውን አንድ ረጅም ጢጥጥጥጥ አለች።

የዋሶቹን ዝርዝር በሳጥኗ ትንሽ ስክሪን ላይ አወጣሁት። ሦስት መስመር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንደነበሩ ናቸው፣ ባዶ ያደረግሁት አንደኛው መስመር ላይ ግን ስም ተጽፏል፦ ደምሌ ፈረደ። በፊደላችን ነው የተጻፈው፣ ወዳጄ፣ ደኅና አድርገህ ስማኝ፣ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በእኛ ፊደል! ይህች ሳጥን ፊደላችንን አታውቅም፣ ልታውቅም አትችልም፣ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ይዛ የት ልታስቀምጠው ነው፣ ሦስት ዋስ የከበዳት! እኔ ራሴ ላስገባላት ብፈልግ ገበታውን ሀ ለ ሐ ሳልጨርስ ሞልታ ትዘጋለች።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀልድ ነው የሚል ነበር፤ ቢሮ ያለው ባልደረባዬ ዘውዱ በነገር የታወቀ ነው። ግን ከቢሮ ወደ ሳጥኗ እንዳይገባ አድርጋ የዘጋችው ራሷ ናት። ስለዚህ አጠፋሁት። ጠፋ። ዝርዝሩን ደግሜ ሳወጣ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። አጠፋሁት፣ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ጣቴን ሳሳርፍ ሳሉ ከጆሮዬ ጀርባ መጣ፣ እንደ ቁጣ ነገር አለበት፣ እጄን በፍጥነት ሰበሰብሁ። ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ይታይሽ በትከሻዬ ላይ አነበበችና እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። «አያ ደምሌ?» አለች ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየጮኸች፦ «አያ ፈንታ! አያ ፈንታ ይምጡ!»

አያ ፈንታ ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ስክሪኗን አዩ፣ ማንበብ የሚችሉት ቀስ እያሉ ነው፣ ቀስ ብለው አነበቡ። ያናደደኝ ነገር አለመደንገጣቸው ነው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። «ታዲያ መቼ ወረደና?»

«ከምን ነው የሚወርድ? ማን ነው ይህ ሰው?» አልሁ።

እሳቸው ደጅ ላሉት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አስረዱኝ። ፍሪጁ የመጣ ጊዜ ያመጡት ሰዎች «ከማኅበረሰቡ ዋስ አምጡ» አሉ፣ እንዳይሰረቅ፣ ክትባቱም ለልጆቹ እንዲደርስ የሚቆም ሰው። አያ ደምሌ ቆሙ። አያ ደምሌ በዚያ አገር የሁሉ ዋስ ነበሩ፣ የታሰረ ሲፈታ እሳቸው፣ ሲጋቡ እሳቸው፣ በቅሎ ሲከራዩ እሳቸው፣ እምቢ ማለት የማያውቁ ሰው። ይታይሽ ፋይል አወጣችና ወረቀቱን አሳየችኝ፤ «ዋስ» ከሚለው ጎን ስማቸው፣ ከስማቸው ጎን ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ።

«አምና ከፋሲካ በኋላ ዐረፉ» አሉ አያ ፈንታ። «ዋስ ሲሞት ምትክ ይቆምለታል፣ ያኔ ይወርዳል፣ ያኔ ነው ደኅና የሚተኛ። እኛ ለቅሶውን አሳመርንና ይህን ረሳነው። እና ሰውየው ምን ያርጉ? ቆመዋል!»

ደጅ የነበሩት እናቶች ይህን ሲሰሙ አንዲትም የደነገጠች የለችም። «አያ ደምሌ ዋስ ከሆኑማ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ክተቢልን!» አለች አንዷ።

«ሙት ዋስ አድርጌ ልጅ አልከትብም!» አለች ይታይሽ። «መዝገቡን ሳላይ አልሰጥም ብያለሁ፣ መዝገቡ ይውጣ!»

ዝርዝሩ ላይ ስሙ አለ፣ መዝገቡ ግን አልወጣም፤ ሳጥኗ አንድ ነገር እንደምትጠብቅ ሁሉ ቀይ መብራቷን ብቻ ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። እኔም፣ አፍሬ ነው የምነግርህ፣ «እንግዲያው አያ ፈንታ ይቁሙላቸውና ይውረዱ» አልሁ። አየህ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ምን እንደምናገር አየህ?

«እኔማ እንዴት ሆኖ!» አሉ። «ይህን ጥበቃ የተቀጠርሁት በሳቸው ዋስትና ነው። በሰው ዋስትና የቆመ መልሶ ለዚያ ሰው ዋስ አይሆንም፣ እዚህ አገር ደንባችን ነው።» ወደ ደጅ ዞረው «አያ ደምሌ ያልቆሙላት ማን አለች?» ብለው ተጣሩ። አንዷ ባሏ ከእስር የወጣው በሳቸው ነው፣ ሌላዋ ያገባችው በሳቸው ነው፣ የሦስተኛዋ ወንድም የእህል መጋዘን ጠባቂ የሆነው በሳቸው ነው፣ ተቆጥሮ ተቆጥሮ አልቆ ይታይሽ ላይ ሲደርስ «እኔም ቤት የተከራየሁ በሳቸው ነው» ብላ አቀረቀረች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ተናደድሁ፣ አልዋሽህም። «ይህ እኮ ሰርተፍኬት ነው!» አልሁ። «የሒሳብ ሥራ ነው! ባሕር ማዶ ነው የሚፈረም! የቀበሌ ሽማግሌ ምን አገባው?» እያልሁ ጮኽሁ፣ ሜሞሪ ምን እንደሆነ፣ ፊርማ ምን እንደሆነ ሁሉ ለሠላሳ እናቶች አስተማርሁ፣ በትሕትና አዳመጡኝ።

ስጨርስ በሩ ሥር የተቀመጠች፣ ከሁሉም ዝም ያለችው ተነሣች። ጀርባዋ ላይ ሁለት ወር የማይሞላው ሕፃን ተኝቷል።

«የፊተኛውን በትክትክ ነው የቀበርሁት» አለችኝ። «ሲያስለው ሰማያዊ እየሆነ፣ በክንዴ ላይ። ይህን ደግሞ ለማስከተብ ሌሊት ተነሥቼ ነው የመጣሁ። አንተ ጣትህን ማሳረፍ ከብዶህ ነው?»

እጄን ዘረጋሁ። የማኅተሙን ቀለም አመጡ፣ በእስክሪብቶ ልፈርም ስል አያ ፈንታ «ፊርማ ይካዳል፣ ጣት አይካድም» ብለው አውራ ጣቴን ራሳቸው ቀለሙ ላይ ተጫኑት፣ «ደምሌ ፈረደ ወርደዋል፣ እኔ ቆሜያለሁ በል» አሉኝ፣ አልሁ። ስሜን ከነአባቴ አጠገቡ ጻፍሁ።

ጣቴን ከወረቀቱ ሳነሣ አግዳሚ ወንበሩ ሲጥ አለ። ከባድ ሰው ከወንበር ሲነሣ የሚሰማው ነው። ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ፣ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፣ ሳይነጋገሩ ግራና ቀኝ ፈቀቅ ብለው መንገድ ለቀቁ፣ አያ ፈንታም ጎንበስ አሉ። ማንን እንዳሳለፉ አልጠየቅኋቸውም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅሁም።

ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነች። ስልኬ ጠራ፣ ዘውዱ ነው።

«ደረሰ! የስድስት ሳምንቱ ሁሉ ደረሰ!» አለ። «ቀኖቹ ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ናቸው፣ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«እሱን ተወው፣ ዝቅተኛው ስንት ነው? በረዶ ገብቶበታል?»

«በፍጹም። ከሁለት ዲግሪ በታች ወርዶ አያውቅም፣ ጠርሙሶቹ ያሉበት ቦታ ደኅና ነው።» ከዚያ «አዲሱን ዋስ ግን እንዴት አስገባኸው? እኔ ዘንድ ገና አልገባም ነው የሚለው» አለኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁበት፣ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው።

ይታይሽ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀና አላለችም፣ ሠላሳውም ተከተቡ፣ ጩኸቱን አትጠይቀኝ፣ ያቺ ሴት ልጇን ስታስከትብ ፊቷን አዙራ አለቀሰች፣ እኔም ጉሙን የማይ መስዬ ዞርሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ገመዴን ልነቅል ስል እንዲያው ለልማድ ያህል ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ከፈትሁት።

የአያ ደምሌ ስም የለም። በቦታው የእኔ ስም አለ፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ወረቀቱ ላይ አያቴን አልጻፍሁም። መታወቂያዬ ላይ ያለው አያት ደግሞ አባቴን ያሳደጉት ሰውዬ ናቸው፤ እውነተኛው አያቴ አባቴ ሳይወለድ የሞቱ፣ ስማቸውን እናቴ አንድ ቀን ብቻ የነገረችኝ፣ ለማንም ያልተናገርሁት ሰው ናቸው። ሳጥኗ የጻፈችው የእሳቸውን ነው። ከስሜ በታች «ከ» የሚለው ላይ የዚያ ዕለት ቀን አለ፣ «እስከ» የሚለው ባዶ ነው። ላጥፋው ብዬ ጣቴን አሳረፍሁና መልሼ አነሣሁት፣ አያ ደምሌ በሳላቸው የተቆጡኝን አስታውሼ አይደለም፣ ባጠፋው እኔ ላይ ምን እንደሚሆን ስላላወቅሁ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ያቺ ሳጥን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ዝም ብላ አታውቅም፣ ውርጭ ቢወርድ፣ ሶላር ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ከወገዳ ጭምር ቢሄድ መዝገቧ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ዘውዱ «የእጅህ ሥራ ነው» እያለ በስብሰባ ያመሰግነኛል፣ እኔ ተነሥቼ ደጅ እቀመጣለሁ። ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነበር፣ ልሂድ ብዬ ዕቃዬን ከሸከፍሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተውሁት። ዘውዱን አንድ ቀን ምሳ ጋብዤ «ምትክ ብትሆነኝ» አልሁት፣ ነገሩን ከሥሩ ነገርሁት፣ ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ስሙን ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ ሳቁ ቆመ፣ ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ስሙን ቢሮ ውስጥ እንኳ አይጽፍም፣ «ዘ» ብቻ ነው የሚለው።

ባለፈው ሳምንት ለጥገና ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ትክትኩም ቀበሌዋን ሳይነካ አልፏል፣ ያቺ ሴት ልጇን አሳየችኝ፣ መቆም ጀምሯል፣ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። ዝርዝሩን ባልከፍተው ምን ነበረበት። «እስከ» የሚለው አሁን ባዶ አይደለም፤ ቀኑ ተጽፏል፣ ወሩም ተጽፏል፣ ዓመቱ ብቻ ነው የቀረ። የተጻፈው ወር የትኛው እንደሆነ አልነግርህም፣ ብነግርህ አንተም በየዓመቱ ስለኔ ትጨነቃለህ። አያ ፈንታ «አይዞህ፣ ምትክ ከቆመልህ ትወርዳለህ» አሉኝ፣ «ከዚህ አገር ያልሆነ፣ አያ ደምሌም አንተም ያልቆማችሁለት ሰው ፈልግ፣ ባያምንም ግድ የለም፣ አንተስ መቼ ታምን ነበር?»

እና እንዲያው ነው፣ ወዳጄ፣ በክፉ አትየው፣ እስካሁን ስናወራ ሳልጠይቅህ ቀርቼ ነው እንጂ፣ ለመሆኑ የአንተ ስም ከነአባትህ፣ ከነአያትህ ማን ነበር?